«ፊት ነሳችሁን» የሚሉ ታካሚዎች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። አራት ኪሎ አካባቢ የሚገኝ የአንድ መካከለኛ ክሊኒክ ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ክሊኒካችን አሮጌ ሕንፃ ላይ አንደኛ ፎቅ ነው። ደንበኞቻችን አብዛኞቹ የፒያሳና የካዛንቺስ ሰዎች ነበሩ። ሰፈሮቹ ሲፈርሱ ወደ ከተማው ዳር ቢሄዱም አንዳንዶቹ ዛሬም ሁለት ሦስት ታክሲ ይዘው ይመጣሉ። ሐኪሞቻችን ጎበዞች መሆናቸውን ታካሚዎቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ። የአስተያየት ሳጥኑን ስከፍት ግን የማገኘው «ፊት ነሳችሁን»፣ «ቤታችሁ ያስፈራል»፣ «እንደ ዕቃ ከክፍል ክፍል ታመላልሱናላችሁ» የሚል ነው። ባለቤቱ ለማሳመሪያ 150 ሺህ ብር ፈቅዷል። ሶፋ፣ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ የግድግዳ ወረቀትና አበባ አስቤያለሁ። አንዷ ነርሳችን ደግሞ ጠዋት ጠዋት ቄጠማ ጎዝጉዘን፣ ዕጣን አጭሰን ቡና እናፍላ ትላለች። ከየት ልጀምር?
ቤ.፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ እህቴ፣ ሶፋውን ተዪው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ለስላሳ ሶፋ ውስጥ ከሰመጡ በኋላ ለመነሳት ሁለት ሰው ያስፈልጋቸዋል። ሕፃን ካስመለሰበት ደግሞ ጨርቁ በረኪና አይችልም። ከፍ ያለ፣ ጠንከር ያለ፣ የእጅ መደገፊያ ያለው፣ የሚወለወል ወንበር ግዢ። ቁጥሩንም በታካሚ ልክ ብቻ አታስቢው፤ እኛ አገር ሰው ብቻውን አይታመምም፣ አስታማሚውም መቀመጫ ይፈልጋል።

በመንግሥት ሆስፒታልም በግል ክሊኒክም ረጅም ጊዜ ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። እንዳየሁት ከሆነ ታካሚን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው አለማወቁ ነው። ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። ተራው መቼ እንደሚደርስ፣ ስንት ብር እንደሚጠየቅ፣ ሕመሙን ማን ማን እንደሰማበት አያውቅም። ሳጥንሽ ውስጥ የተጻፈው ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል። ገንዘቡን እዚህ ላይ አውጪው።

ከበሩ ጀምሪ። ሰውን መጀመሪያ የሚቀበለው ጥበቃው ነው። ፈትሾ ከማሳለፉ በፊት «እግዜር ይማርዎ» ይበል። ደረጃው ሥር አንድ ወንበር ይኑረው፤ መውጣት የሚያቅታቸውን እዚያ አስቀምጦ ወደ ላይ ይደውል፣ ነርስ ወርዳ ትያቸው። ጥበቃችሁን በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ጥሩት፤ ይህን ሥራ ከጨመራችሁበት ደመወዙም ይጨመርለት።

ካርድ ክፍል ላይ ግን ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፤ ብዙው ቅሬታ የሚወለደው እዚያ ነው። የብዙ ክሊኒክ ካርድ ክፍል በመስታወት ተዘግቶ ታች በኩል እጅ የምታሳልፍ ቀዳዳ አለችው። ታካሚው ጎንበስ ብሎ በቀዳዳዋ ያወራል። ካርድ አውጪዋ ስለማትሰማው «ምንዎን ነው የሚያምዎት?» ብላ ትጮኻለች፤ እሱም መልሶ ይጮኻል። ከኋላው የተሰለፉት ጎረቤቶቹ ወይም የሥራ ባልደረቦቹ ሊሆኑ ይችላሉ። ኪንታሮት ያለበት ሰው «ሆዴን ነው» ይላል፣ ካርዱ ላይ «ሆድ ሕመም» ተብሎ ይጻፋል፣ ሐኪሙም ከሆድ ይጀምራል። የወር አበባዋ የቀረባት ወጣት ተራዋ ሲቃረብ ቀስ ብላ ከሰልፉ ትወጣለች። እሷን ሁለተኛ አታገኟትም።

መስታወቱን አስነሺው። አናጢ ጠርተሽ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ አሠሪ፤ ታካሚው ተቀምጦ፣ ካርድ አውጪዋን ፊት ለፊት እያየ በዝግታ ይናገር። ቀጣዩ ተረኛ ራቅ ብሎ እንዲቆም ወለሉ ላይ መስመር ይሰመር። እዚያ ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻና ስልክ ይበቃል። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ቢኖር ሳል እንዳለውና መተንፈስ እንደሚያስቸግረው ነው፤ የሚያስለው ማስክ ተሰጥቶት ለብቻው አየር ያለበት ቦታ ይቀመጣል፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ተራ ሳይጠብቅ ይገባል። የቀረው ጥያቄ ሁሉ ትሪያጅ ክፍል (ነርሷ ታካሚውን ከሐኪሙ በፊት የምታይበት) ውስጥ በሩ ተዘግቶ የሚጠየቅ ነው። ስትጠሯቸውም በሕመማቸው አትጥሯቸው። ኮሪደር ላይ «የስኳሩ ሰውዬ!» ሲባል ስሰማ ዛሬም ያመኛል። አቶ፣ ወይዘሮ ብሎ ከነአባት ስም መጥራት ጊዜ አይወስድም፤ ስሙ እንዲሰማ ለማይፈልግ ቁጥር ስጡት።

ተራ መጠበቅን በተመለከተ፣ ሰው የሚናደደው በመዘግየቱ ብቻ አይደለም፤ የሚነግረው ሲያጣ ነው። ድንገተኛ ሕመምተኛ ገብቶ ሐኪሙ ከተያዘ ነርሷ ትውጣና ትንገራቸው። «ለአርባ ደቂቃ ያህል አንደርስም፤ ታች ሻይ ጠጥቶ መመለስ የሚፈልግ ተራው አይጠፋበትም» ትበል። ከአራብሳ ወይም ከገላን ማልደው ለሚመጡት የቆዩ ደንበኞችሽ ደግሞ በስልክ ቀጠሮ ስጧቸው። ለሁለት ደቂቃ የደም ምርመራ ውጤት ብላችሁም ዳግመኛ አታስመጧቸው፤ ጤናማ ከሆነ ሐኪሙ ደውሎ ይንገራቸው።

ስለ ግድግዳ ወረቀቱና አበባው አንድ ስጋት አለኝ። ቤቱ ባብረቀረቀ ቁጥር ኪሱ የሳሳ ሰው ዋጋውን ይፈራል፤ ደረጃውን ወጥቶ፣ ዙሪያውን አይቶ፣ ምንም ሳይጠይቅ የሚመለስ አለ። ግድግዳው ንጹሕ ነጣ ያለ ቀለም ይበቃዋል። በወረቀቱ ፈንታ የካርድ፣ የተለመዱ የላብራቶሪ ምርመራዎች፣ የአልትራሳውንድና የቁስል እጥበት ዋጋ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ መግቢያው ላይ ይሰቀል። ሐኪሙም ምርመራ ከማዘዙ በፊት ድምሩን ይንገር፤ «ዛሬ የግድ የሚያስፈልገው ይኼኛው ነው፣ ያኛው ሊቆይ ይችላል» ይበል። እናት ልጇን አዝላ ቦርሳዋን እየቆጠረች ካሸር ፊት የምትቆምባትን ያቺን ደቂቃ የሚያስቀር ሶፋ የለም።

ማንም በአስተያየት ሳጥን የማይጽፈውን ደግሞ እኔ ልንገርሽ። ሰገራ አምጣ የተባለ ሰው ናሙናውን በእጁ ይዞ በተቀመጠው ሕዝብ መሀል አቋርጦ ወደ ላብራቶሪ ይሄዳል። ለአንዲት ኮረዳ ወይም ለተከበሩ አዛውንት ይህ መንገድ ምን ያህል እንደሚረዝም አስቢው። ሽንት ቤታችሁና ላብራቶሪያችሁ አንድ ግድግዳ የሚጋሩ ከሆነ ትንሽ የምትከፈት መስኮት አስበጂ፣ ታካሚው ስሙ የተጻፈበትን ዕቃ እዚያ አስቀምጦ ይውጣ። ካልተጋሩ ሽንት ቤቱ ውስጥ ክዳን ያለው ሳጥን ይቀመጥና የላብራቶሪ ባለሙያው በየጊዜው ይሰብስብ። ሽንት ቤቱ ራሱ ውኃ ይኑረው። ከተማችን ውኃ በፈረቃ እንደምታገኝ ታውቂያለሽ፤ ሮቶ ከሌላችሁ ከቴሌቪዥኑ በፊት እሱን ግዢ። ሳሙና፣ በሩ ላይ ነጠላና ቦርሳ መስቀያ፣ ግድግዳው ላይ ይዘው የሚነሱበት ብረት ይጨመር።

ምርመራ ክፍል ውስጥ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ ወደ አልጋው መውጫ መርገጫ፣ መጋረጃ፣ ልብስ መስቀያ። ትልቁ ችግር በሩ ነው። አንዷ ልብሷን አውልቃ ተኝታ ሳለ ሌላው በሩን ገፋ አድርጎ «ዶክተር፣ ውጤቴ ደርሷል?» ይላል። ሰውየውን መቆጣት አይጠቅምም፤ ኮሪደር ላይ የሚጠይቀው ሰው ስላጣ ነው። ውጤት ሲደርስ የምትነግር፣ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄዱ የምታሳይ፣ ያቃታቸውን ይዛ የምትሸኝ አንዲት ሠራተኛ ኮሪደሩ ላይ መድቢ። ከ150 ሺሁ ብር የመጀመሪያ ወሮች ደመወዟን ያዢላት። «እንደ ዕቃ ታመላልሱናላችሁ» ላሉት መልሱ እሷ ናት።

ወደ ቡናው ልምጣ። ነርሷ ያሰበችው ከፍቅር ነው፤ በጤና ጣቢያዎች ለወለዱ እናቶች ገንፎ የሚገነፋውና ቡና የሚፈላው በዚሁ መንፈስ ነው፣ እኔም በጣም እወደዋለሁ። የእናንተ መጠበቂያ ግን ጠባብ ነው። የዕጣንና የከሰል ጭስ አስም ያለበትን ሰው እዚያው ያፍነዋል፤ ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለማንም አደገኛ ነው። የስኳር ምርመራ በባዶ ሆዱ ሊሰጥ ቢያንስ 8 ሰዓት ጾሞ የመጣው ሰው የቡናው መዓዛ ይፈታተነዋል። ግፊቱን የሚለካ ሰው ደግሞ ከልኬቱ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና መጠጣት የለበትም። ቄጠማውም ያዳልጣል፣ ከሥሩ ያለውን ቆሻሻ ለመወልወልም አይመችም። ቡናው ለሠራተኞቻችሁ ይፈላላቸው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምራ በእግሯ የቆመች ነርስ አስር ደቂቃ ተቀምጣ ቡና ከጠጣች ከሰዓት በኋላ ፊቷ ይፈታል። ጤና ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. በጀመረው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከአራቱ አጀንዳዎች አንዱ ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራት ነበር። ትክክለኛ አጀንዳ ነው። ግን ያልበላችና ያላረፈች ነርስ ርኅራኄዋ እስከ ማታ እንዲዘልቅ መጠበቅ ግፍ ነው።

መስኮት ክፈቱ። «ብርድ ይመታናል» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ሚኒባስ ውስጥ በየቀኑ የምንጣላበት ነገር ነው። ነገር ግን ቲቢ የሚተላለፈው በተዘጋ አየር ነው። የላይኛው መስኮት በሁለቱም በኩል ተከፍቶ ይዋል፤ ወንበሮቹን ከመስኮቱ ሥር አንሺያቸው፣ ለሚበርዳቸው አዛውንት የታጠበ ጋቢ አኑሩ።

የምልሽ ሁሉ የስሜት ነገር ብቻ እንዳይመስልሽ አንድ ልጨምር። ደም ግፊት በትክክል የሚለካው ሰውየው ለ5 ደቂቃ ዝም ብሎ፣ ጀርባው ተደግፎ፣ እግሩ መሬት ረግጦና ሳይጠላለፍ፣ ክንዱ በልቡ ትይዩ ተደግፎ፣ ሽንቱን ሸንቶ ከተቀመጠ በኋላ ነው። እየተለካ ማውራቱ ብቻ የላይኛውን ቁጥር በ10 አካባቢ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። የእናንተ ታካሚ ግን ደረጃ ወጥቶ፣ በቀዳዳ ጮኾ፣ ስለ ሂሳቡ እየተጨነቀ ገብቶ ወዲያው ክንዱ ይታሰራል። ያለ በሽታው መድኃኒት የሚጀመርለት ሰው እንዳይኖር የተረጋጋ ቤት ያስፈልጋል።

ገንዘብ ከተረፈ ቴሌቪዥኑን ግዢ፤ ድምፁ ግን ስም ሲጠራ የሚያሰማ ይሁን።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ አባቴ የ78 ዓመት አዛውንት ናቸው፤ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። በሚከታተሉበት ክሊኒክ አንዲት ወጣት «አንተ፣ ተነስ፣ ተራህ ነው» ስላለቻቸው «ሁለተኛ እግሬን አላነሳም» ብለው ክትትሉን አቁመዋል። ትንሽ ነገር ነው ብላቸው ጭራሽ ተቆጡኝ። ምን ላድርግ?
ሳ.፣ ከቸርችል ጎዳና አካባቢ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ትንሽ ነገር አይደለም፤ መጀመሪያ ይህን ንገራቸው። «አባባ፣ ልክ ነዎት» በላቸው። ከዚያ ዛሬውኑ የመድኃኒቱን ዕቃ አይተህ ስንት ፍሬ እንደቀረ እወቅ። ግፊት ሳያሳምም የሚጎዳ በሽታ ስለሆነ «ደህና ነኝ» ማለታቸው አያስተማምንም፤ መድኃኒቱ በራስ ውሳኔ መቋረጥ የለበትም።

ወደ ክሊኒኩ ብቻህን ሂድና የነርሶቹን ኃላፊ አነጋግር። ልጅቷ እንድትቀጣ ሳይሆን አባትህ ሲመጡ በክብር የሚቀበላቸው ሰው እንዲኖር ጠይቅ። አባትህ እሺ ካሉ አብረሃቸው ግባ። አይሆንም ካሉ ሌላ ቦታ ይቀየርላቸው፤ የቀድሞውን ካርድ ማጠቃለያና የመድኃኒቶቹን ስም ግን ይዘህ ውጣ፤ አዲሱ ሐኪም ከዜሮ እንዳይጀምር።

እስከዚያው አቅም ካለህ ክንድ ላይ የሚታሰር መለኪያ ግዛላቸው። ጠዋት መድኃኒታቸውን ከመዋጣቸው በፊትና ማታ፣ ለቤ. የጻፍኩትን አቀማመጥ ጠብቀህ፣ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ሁለት ጊዜ ለካቸውና ደብተር ላይ ጻፈው። ፊታቸው አንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጃቸው ከዛለ፣ አነጋገራቸው ከተንተባተበ ወይም ደረታቸውን ጨምድዶ ከያዛቸው ኩርፊያው ይቆይ፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ውሰዳቸው።