የፋይሉን ዓይነት ከሲ ፕሮግራም ውስጥ እንዴት ልወቅ?

ጥያቄ፦ ሊኑክስ ላይ በሲ የጻፍኩት ፕሮግራም ሰዎች የሚልኩትን ፎቶ ይቀበላል። በስሙ መጨረሻ «ጄፔግ» የሚል ቅጥያ ያለውን ሁሉ ፎቶ ነው ብዬ ልቀበል?

መልስ፦ እባክዎ አይቀበሉ። ስሙን ማንም እንዳሻው ይቀይረዋል፤ መታየት ያለበት የፋይሉ ውስጥ ነው። ፒኤንጂ የተባለው የምስል ፋይል ምንጊዜም በ137፣ 80፣ 78፣ 71 ባይቶች ይጀምራል፤ ጄፔግ በ255፣ 216፣ 255። በሲ የማንበቢያ ተግባር በኤፍሪድ የመጀመሪያዎቹን 8 ባይቶች አንብበው ያነጻጽሩ። ባይቶቹን የሚያነቡበትን ድርድር ግን «አንሳይንድ ቻር» (አሉታዊ ቁጥር የማይዝ ዓይነት) ያድርጉት። «ቻር» ብቻ ካሉት በብዙ ማሽን ላይ 255 የነበረው −1 ይሆንና ደህናውን ፎቶ ይጥሉታል። የሰው ኮድ ሲሰጠኝ ቀድሜ የማየው ይህንን ነው።

ዶክኤክስ (የወርድ ሰነድ) ሲመጣ ይህ ዘዴ አይበቃም፤ ውስጡ ዚፕ ስለሆነ እንደማንኛውም ዚፕ በ80 እና 75 ይጀምራል። ያኔ «ፋይል» የተባለው ትእዛዝ ራሱ የሚጠቀምበትን ሊብማጂክ የተባለውን የሲ ላይብረሪ ይጥሩ፤ ተግባሮቹም በቅደም ተከተል፦ ማጂክ ኦፕን፣ ማጂክ ሎድ፣ ከዚያ ማጂክ ፋይል። የመጨረሻው ናል (ባዶ ጠቋሚ) ሊመልስ ስለሚችል ሳይፈትሹ አይጠቀሙበት።

ከሁሉ በፊት ግን ስለ ፋይሉ መረጃ በሚሰጠው ተግባር በስታት ተራ ፋይል መሆኑን ያረጋግጡ። ስም ያለው ፓይፕ (ፕሮግራሞች ዳታ የሚቀባበሉበት ልዩ ፋይል) ከሆነ፣ ለማንበብ የሚከፍተው ኤፍኦፕን ሌላ ፕሮግራም ለመጻፍ እስኪከፍተው ድረስ ቆሞ ይቀራል።