ብርሃኑ በየት በኩል ይገባል?

ውድ ወጣቶች፣

ከብረት ሥራ ጋር ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሬአለሁ። ብዙ ጀማሪዎች በእጄ አልፈዋል። አንቱ የተባሉ ባለሙያዎች የሆኑ አሉ። ጀምረው የተዉት ግን ይበልጣሉ። የተዉት ደግሞ ሰነፎች አልነበሩም። እንዲያውም አንዳንዶቹ ከማንም በላይ ይለፉ ነበር። ያ ሁሉ ልፋት የት ገባ? ይህ ጥያቄ ለዓመታት ሲከነክነኝ ኖሯል። የምጽፍላችሁም ስለዚሁ ነው።

ከራሴ ልጀምር። ወርክሾፕ የገባሁ ቀን አንድ ቁራጭ ብረትና አንድ ሞረድ ተሰጠኝ። ማሽን መንካት የለም። ብረቱን ሞርሳ (ብረት ጨብጦ የሚይዝ መሣሪያ) ላይ አስረህ አንዱን ገጽ ለጥ አድርገው ተባልኩ። ቀላል መስሎኝ ነበር። ሞረድ ግን ሲገፋ ይወዛወዛል። መግፋት ሲጀመር እጀታው ዝቅ ይላል፤ ሲያልቅ ደግሞ ጫፉ ዝቅ ይላል። ስለዚህ የብረቱ ዳርና ዳር ከመሃሉ ይልቅ ይበላል። ሳይታወቅ መሃሉ አብጦ ይቀራል።

ማታ ላይ ብረቱ ያብለጨልጫል። ደስ ብሎኝ ለአስተማሪዬ ወሰድኩለት። እሱ ስኳድራውን፣ ማለትም ጠርዙ ቀጥ ያለውን የማዕዘን መለኪያ፣ ገጹ ላይ አቆመና ሁለቱንም ወደ መስኮቱ አነሣቸው። “ብርሃኑ በየት በኩል ይገባል?” አለኝ። አየሁ። መሃሉ ጨለማ ነው። በሁለቱ ዳር ግን እንደ ክር የቀጠነ ነጭ ብርሃን ይታያል። “በዚህና በዚህ” አልኩት። “እንግዲያው መሃሉን ነዋ የምትሞርደው” ብሎኝ ሄደ። ጎበዝ አላለኝም። ሰነፍም አላለኝም።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሳስበው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስኳድራውን ሸሸሁት። ቀኑን ሙሉ ሞርጄ ማታ ብቻ ነበር የማነሣው። ያን ቀጭን ብርሃን ማየት ልቤን ይሰብረው ነበር። አጠገቤ የሚሠራው ልጅ ግን አሥር ጊዜ ይገፋና ያቆማል። ያነሣል፣ ያያል፣ እንደገና ያስራል። ብዙ የምሞርደው እኔ ነበርኩ። እሱ በሁለት ሳምንት ጨረሰ። እኔ ወር ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ልፋትና ልምምድ እንደሚለያዩ የተረዳሁት ያኔ ነው። መልፋት ሰዓት መቁጠር ነው። መለማመድ ግን ስህተትን ቶሎ ቶሎ አይቶ እጅን በዚያው ልክ ማረም ነው።

“10,000 ሰዓት የሠራ ሰው ሊቅ ይሆናል” ሲባል ሳትሰሙ አትቀሩም። ቁጥሩ የመጣው የሥነ ልቦና ተመራማሪው አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ በበርሊን የቫዮሊን ተማሪዎች ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1993 ካሳተሙት ሥራ ነው። እነሱ ግን እንዲህ አላሉም። 10,000 ሰዓት ጎበዝ የተባሉት ተማሪዎች እስከ 20 ዓመታቸው ድረስ ብቻቸውን የተለማመዱት አማካይ ነው። አማካይ ስለሆነ እዚያ ያልደረሱም ነበሩበት። ኤሪክሰን አጥብቆ የያዘው ጉዳይ ሌላ ነበር፤ ሰዓቱ በምን ተሞላ የሚለው። ደካማውን ጎን ነጥሎ እሱኑ መሥራትና ውጤቱን ወዲያው ማየት። ቁጥሩ ግን ለአፍ ስለሚቀል እሱ ብቻ ቀረ። ብዙ ወጣት በዚህ ቁጥር ተስፋ ሲቆርጥ ስላየሁ ነው ይህን ያህል ያተትኩት።

ሌላም ልንገራችሁ። በምትማሩበት ሰዓት የሚሰማችሁ ስሜት ያታልላል። የብሪታንያ ፖስታ ቤት ሠራተኞች በኪቦርድ መጻፍ ሲማሩ የሥነ ልቦና ተመራማሪው አለን ባድሊና የሥራ ባልደረባው አጥንተዋቸዋል። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። አንዱ ቡድን በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ይማራል። ሌላው በቀን ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሰዓት። በቀን አንድ ሰዓት የተማሩት እኩል ደረጃ ላይ ለመድረስ የፈጀባቸው ጠቅላላ ሰዓት ያነሰ ነበር። የሚገርመው ግን በፕሮግራሙ ከሁሉም ያነሰ የተደሰቱት እነሱ ናቸው። በቀን ሲቆጠር ወደ ኋላ የቀሩ ይመስላላ! እናም በቀን አንዲት ሰዓት ብቻ ካላችሁ አትናቋት። ቅዳሜን ሙሉ ቀን ተቀምጦ ሳምንቱን ሙሉ ከመርሳት እሷ ትሻላለች።

እኔ ይህ የገባኝ ሃምሳን ተሻግሬ በኮምፒውተር ንድፍ መሥራት ስጀምር ነው። ቪዲዮ እከፍታለሁ። አስተማሪው ሲሠራ አያለሁ። ሁሉም ግልጽ ነው። ቪዲዮውን ዘግቼ ባዶ ስክሪን ፊት ስቀመጥ ግን የመጀመሪያዋ መስመር እንኳ ከየት እንደምትነሣ ይጠፋኛል። መልሼ ቪዲዮውን እከፍታለሁ፣ እንደገና ግልጽ ይሆንልኛል። ሁለት ወር እንዲህ አለፈ። ማየትና ማወቅ ተምታተውብኝ ነበር። በኋላ አንዴ ካየሁ በኋላ ዘግቼ ከጭንቅላቴ መሥራት ጀመርኩ። የተሳሳትኩበትን ብቻ ተመልሼ አያለሁ። ያስጨንቃል። እጅ ይቆማል፣ ጭንቅላት ይከብዳል። ትምህርቱ የሚገባው ግን በዚያ ጭንቀት ውስጥ ነው። በጽሑፍ ጥናትም ያው ነው። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ሥራ ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ በልጠው ታይተዋል። ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት ወረቀቱን አስቀምጠው ለማስታወስ የታገሉት ናቸው።

የሆነ ቦታ ላይ ደግሞ ትቆማላችሁ። ሳምንታት ያልፋሉ፣ ምንም አይጨመርም። ብራያንና ሃርተር የተባሉ ተመራማሪዎች የቴሌግራፍ (በሽቦ በሚላክ የድምፅ ምልክት መልእክት መለዋወጫ) ተማሪዎችን ይህ እንደሚገጥማቸው እ.ኤ.አ. በ1897 ጽፈዋል። መልእክት የመቀበል ፍጥነታቸው ለሳምንታት ይቆምና በድንገት ይነሣል። ለየብቻው ይሰማ የነበረው ፊደል ተገጣጥሞ እንደ ቃል መሰማት ሲጀምር ነው የሚነሣው ብለው አስረድተዋል። ስለዚህ መቆም ሁሉ ውድቀት አይደለም። ግን ራሳችሁንም መርምሩ። አንዳንዴ የምንቆመው ስኳድራውን ማንሣት ስለተውን ነው።

ሰው ስትጠይቁ አጠያየቃችሁን አስተካክሉ። ጀማሪ ሥራውን ይዞ መጥቶ “ጥሩ ነው?” ይለኛል። ምን ልበለው? አሪፍ ነው ካልኩት ደስ ብሎት ይሄዳል፣ ምንም አልተማረም። አይሆንም ካልኩት አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል፣ አሁንም አልተማረም። “የቱ ጋ ነው የተበላሸው?” ብላችሁ ጠይቁ። ያኔ ማንም ባለሙያ ጣቱን አንድ ቦታ ላይ ያሳርፋል። እናንተም ያቺን ቦታ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ማታ በደብተር ላይ ጻፏት። አንድ መስመር ይበቃል። ነገ ሥራ የምትጀምሩት ከእሷ ነው።

ስልካችሁን ከአጠገባችሁ አርቁ፣ በደንብ ተኙ። ይህን ሌሎችም ስለሚነግሯችሁ እዚህ ላይ አልቆይም።

“አስተማሪ የለኝም፣ ማን ያሳየኛል?” የምትሉ ትኖራላችሁ። ለእናንተ አንዲት ልጅ ትዝ ትለኛለች። ብየዳ የተማረችው ብቻዋን ነው። ብየዳ ከላይ አምሮ ውስጡ ክፍት ሊሆን ይችላል፤ ዓይን ብቻውን አይለየውም። እሷ ታዲያ የበየደችውን ሁሉ በመጋዝ ለሁለት ትቆርጠው ነበር። የተቆረጠውን ገጽ ሞርዳ ታጸዳና ሁለቱ ብረቶች እውነት ተዋሕደው እንደሆነ ታያለች። ክፍተት ካገኘች ቁራጩ ላይ በጠመኔ ታከብበትና መደርደሪያ ላይ ታስቀምጠዋለች። ከእኛ ጋር ሥራ ልትጠይቅ የመጣች ቀን የያዘችው ያማሩትን አልነበረም። በከረጢት ሞልታ ያመጣችው እነዚያን የተከበቡ ቁራጮች ነው፤ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በተራ። ጠረጴዛው ላይ ደረደረችልኝ። ክቡ ከቁራጭ ቁራጭ እየጠበበ ይሄዳል። የምስክር ወረቀት አላት ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም፤ መቼ ልትጀምር እንደምትችል ብቻ ጠየቅኋት።