ደወሉ ስር ያለችው ተወዛዋዥ

እህቴ፣ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ በ40 ዶላር የገዛሽውን የጃፓን ስዕል አየሁት። «ወርቃማ ረጅም ቆብ ያደረገች ሴት ከትልቅ ደወል ስር ትጨፍራለች፤ ምን ማለት ነው? በእጅ የታተመ ነው ወይስ ኮፒ?» ነው ጥያቄሽ። እኔ ፍሬም ቤት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ያለው ብዙ በእጄ አልፏል።

ከደወሉ ልጀምር። ጥያቄሽ ስር ከመለሱት አንዱ «የቤተ ክርስቲያን ደወል ነው» ብሏል፤ አይደለም። የጃፓን የቡድሃ ገዳም ደወል ውስጡ ምላስ የለውም፤ በገመድ በተንጠለጠለ ግንድ ከውጭ ነው የሚመታው። ትልቅ ስለሆነ ከስሩ ሰው ይደብቃል፤ የስዕሉ ታሪክም ከዚሁ ይነሳል። ኪዮሂሜ የምትባል ልጅ አንቺን የሚባል መነኩሴ ወደደች (ስሙ ነው፣ አንቺን ማለቴ አይደለም)። ሸሽቷት ዶጆጂ ገዳም ሲገባ መነኮሳቱ ደወሉን አውርደው ከስሩ ሸሸጉት። እሷ በንዴት ዘንዶ ሆና ደወሉ ላይ ተጠመጠመች፤ ነሐሱ ጋለና ሰውዬው ውስጡ ተቃጠለ። ከዓመታት በኋላ አዲስ ደወል ሲሰቀል ሴት እንዳትገባ ተከለከለ። አንዲት ተወዛዋዥ ግን በረኞቹን አግባብታ ገባች። ማን እንደሆነች ገብቶሻል፤ ኪዮሂሜ ናት፣ ስዕልሽ ላይ የምትጨፍረውም እሷው።

ይህን ኖህ በሚባለው ጥንታዊ የጃፓን የጭምብል ትያትር ይጫወቱታል። ካቡኪ በሚባለው ሌላው የጃፓን ትያትር ደግሞ ተዋናዩ ናካሙራ ቶሚጁሮ በ1753 እ.ኤ.አ. ኤዶ፣ የዛሬዋ ቶኪዮ፣ ላይ ጨፍሮበት ዝናው ናኘ፤ የህትመት ሰዎችም ደጋግመው ሣሉት። አዎ፣ «ጨፍሮበት» ነው ያልኩት። ከ1629 ወዲህ ሴቶች ካቡኪ መድረክ ላይ እንዳይወጡ ስለተከለከለ ሴት ሆኖ የሚጫወተው ወንድ ነበር። ከቆቡ ስር ግንባሯ ላይ ወይን ጠጅ ጨርቅ ካየሽ «ሴትዮዋ» ወንድ ተዋናይ ናት። ልብሷ ላይ የተደረደሩ ሦስት ማዕዘኖች ካሉ ደግሞ የዘንዶው ቅርፊት ናቸው።

በእጅ መታተሙን ለማወቅ ገልብጪው። ከዛፍ ልጥ የተሠራው ወረቀት በተቀረጸው የቼሪ እንጨት ላይ ይነጠፍና ባረን በሚሉት ክብ መፈግፈጊያ ከጀርባው ይታሻል። ስለዚህ ቀለሙ ወደ ኋላ ሰርጎ ይታያል፤ የመታሸቱ ክብ ክብ ምልክትም አንዳንዴ ይቀራል። ለየቀለሙ ሌላ እንጨት ስላለው ጠርዝ ላይ ትንሽ መዛነፍ ቢኖር አትደንግጪ። በአጉሊ መነጽር ስታዪው ቀለሙ ደቃቅ ነጠብጣብ ከሆነ ግን የማሽን ህትመት ነው። በእጅ ታተመ ማለት አሮጌ ነው ማለት እንዳልሆነ ልብ በይ፤ የድሮዎቹን ስዕሎች ዛሬም አዲስ እንጨት ላይ ቀርጸው ያትማሉ።

በምንም ተዓምር ፕላስተር እንዳትለጥፊበት፣ መስኮት አጠገብም እንዳትሰቅዪው። እኔ አንዱን ሳሎን መስኮት አጠገብ ሰቅዬ፣ ቀዩ በሁለት ዓመት የቀጠነ ሻይ መሰለ። ባለቤቴ እስካሁን «ያ ሻይህ» እያለች ትስቅብኛለች።

የጀርባውን ፎቶ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ አንሺና ለጥፊልን።