ፎርሙ ተሞላ፣ ከዚያስ? ተማሪ መምህሩን ስለሚመዝንበት ኢቫሉዌሽን የተላኩ ጥያቄዎች

ሴሚስተር ሊያልቅ ሲል የሚደርሱን ጥያቄዎች ወደ አንድ ጉዳይ ያዘነብላሉ። ተማሪው ኢቫሉዌሽን ይሞላል፣ መምህሩ ውጤቱን በስጋት ይጠብቃል፣ ዲፓርትመንቱ ፋይል ውስጥ ይከተዋል። ከአዲስ አበባ ዳር ዳር ካሉ ግቢዎች ከመጡት ውስጥ ስድስቱን መርጠናል። ጥያቄዎቹን አሳጥረናል፤ የተቋማቱን ስም ሆን ብለን አልጠቀስንም።

“ግሬዴን ልይ ስል ፖርታሉ መጀመሪያ ኢቫሉዌሽን ሙዪ ይለኛል። የገባሁት በአይዲ ቁጥሬ ነው። መምህሩ ማን ስንት እንደሰጠው ያያል?” (የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ አያት)

መምህሩ ማየት የለበትም፤ ሲስተሙ ግን መሙላትሽን ያውቃል። ባያውቅማ ግሬድሽን አይከፍትልሽም ነበር። ቁም ነገሩ “ማን ሞላ” የሚለውና “ምን ተሞላ” የሚለው አብረው ይቀመጣሉ ወይስ ተለያይተው ነው። በደንብ በተሠራ ሲስተም ተለያይተው ይቀመጣሉ፤ ሲስተሙን የሚያስተዳድረው ባለሙያ ራሱ ሊያገናኛቸው አይችልም። በእናንተ ግቢ እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ጥራት ማረጋገጫ ክፍሉን “ነጥቡ ከአይዲ ጋር ይቀመጣል? ለማን ይታያል?” ብለሽ ጠይቂ። የመምህሩን ስም ሳታነሺ የምትጠይቂው ጥያቄ ስለሆነ የሚያስፈራ ነገር የለውም።

ብዙ ጊዜ ማንነትን የሚያጋልጠው ሲስተሙ አይደለም፤ ኮሜንቱ ነው። “ኩዊዝ ባመለጠኝ ቀን መልሰው አልፈተኑኝም” ብለሽ ከጻፍሽ ስምሽን ጽፈሻል። ሌላው የክፍሉ ማነስ ነው። አራት ሰው በሞላበት ኮርስ መምህሩ ማን ምን እንዳለ መገመት አይከብደውም፤ ስለዚህ ከ5 ሰው በታች ከሞላ ውጤቱን ለመምህሩ አለመስጠት ጥሩ አሠራር ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ውጤቱ ለመምህሩ መድረስ ያለበት ግሬድ ለሬጅስትራር ከገባ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ካልተጠበቀ ሌላው ጥንቃቄ ሁሉ ዋጋ የለውም።

“የተማሪ ውጤቴ ከ5 3.2 መጣ። የዲፓርትመንቱ አማካይ 4.2 ስለሆነ ኮንትራትህን ለማደስ እንቸገራለን ተባልኩ። ሴክሽኑ 60 ተማሪ አለው፤ የሞሉት 18 ናቸው። ምን ልበል?” (መምህር፣ ቡራዩ)

ከመከራከርዎ በፊት ቁጥሩን ይፍቱት። 18 ሰው አማካይ 3.2 ሰጠ ማለት ድምሩ 57.6 ነው። ያልሞሉት 42 ተማሪዎች ሁሉም 1 ቢሰጡ የክፍሉ አማካይ 1.7 ገደማ ይሆናል፤ ሁሉም 5 ቢሰጡ ደግሞ ወደ 4.5 ይወጣል። እነዚህ ጽንፎች ናቸው፤ እውነቱ መካከል ላይ ነው። ይሁንና 42 ሰው ዝም ባለበት ክፍል 3.2ን የክፍሉ ፍርድ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ፎርም ለመሙላት የሚቸኩለው በጣም የወደደና በጣም የተናደደ ነው፤ መሃል ያለው አብዛኛው ተማሪ አይሞላም።

ቀጥሎ የነጥቡን ስርጭት ይጠይቁ። 9 ተማሪ 5፣ 8 ተማሪ 1፣ አንዱ 4 ቢሰጡ አማካዩ 3.2 ነው። 14 ተማሪ 3፣ 4 ተማሪ 4 ቢሰጡም ያው 3.2 ነው። የመጀመሪያው ለሁለት የተከፈለ ክፍል ነው፤ ምናልባት ግማሹ ቀዳሚውን ኮርስ በቅጡ ሳይወስድ የገባ ይሆናል። ሁለተኛው የቀዘቀዘ ክፍል ነው፤ የሚያስጠላም የሚስብም ነገር አላገኘም። መፍትሔያቸው የተለያየ ሆኖ ሳለ ወረቀቱ ላይ የሚታየው ቁጥር አንድ ነው። አማካይ ብቻ የሚልክ ቢሮ ግማሹን መረጃ ጥሎታል።

ከዚያ ጥያቄ በጥያቄ ይዩት። “በሰዓቱ ይገኛል” 4.5፣ “ፈተናው ከተማርነው ጋር ይገናኛል” 2.1 ከሆነ ችግሩ ያለው ፈተናው ላይ ነው፤ ኮርስ አውትላይኑንና የፈተና ወረቀቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ነው። አማካይ ከአማካይ ጋር ሲወዳደርም ምን ከምን እንደተወዳደረ ይጠይቁ። ለሌላ ዲፓርትመንት ተማሪዎች በግዴታ የሚሰጥ የስታቲስቲክስ ኮርስና በምርጫ የሚወሰድ የአራተኛ ዓመት ኮርስ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም።

አንድ ስሌት ደግሞ ሁሉም ሰው ሊያየው ይገባል። በብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የተለመደው ድልድል ተማሪ 50፣ የዲፓርትመንት ኃላፊ 35፣ ባልደረባ 15 በመቶ ነው፤ የእርስዎ ኮሌጅ የራሱ ይኖረዋልና ደንቡን ያግኙት። ኃላፊው ለሁሉም 4.6፣ ባልደረቦች ለሁሉም 4.8 ቢሰጡ (ባልደረባ ባልደረባውን ዝቅ አድርጎ የሚሞላበት ግቢ ብርቅ ነው) ከእነሱ የሚመጣው 32.2 እና 14.4 ነው። በእርስዎ 3.2 የተማሪው ድርሻ 32፣ ድምሩ 78.6 ይሆናል። 4.2 ያገኘው ጓደኛዎ 88.6 ያገኛል። የአሥሩ ነጥብ ልዩነት በሙሉ የመጣው ከተማሪው ፎርም ነው። ደንቡ 50 በመቶ ቢልም መምህርን ከመምህር የሚለየው በተግባር እሱ ብቻ ሆኗል።

ስለዚህ በጽሑፍ ይጠይቁ፦ የሞሉትን ብዛት፣ የእያንዳንዱን ጥያቄ ስርጭት፣ ያለፉትን ሦስት ሴሚስተሮች ውጤት፣ ውሳኔው የተመሠረተበትን አንቀጽ። እ.ኤ.አ. በ2018 ካናዳ ውስጥ፣ ቶሮንቶ ከተማ ባለው፣ ያኔ ሪየርሰን ይባል በነበረው ዩኒቨርሲቲ (አሁን ቶሮንቶ ሜትሮፖሊታን) በተነሳ ክርክር የግልግል ዳኛው ዊልያም ካፕላን የተማሪ ነጥብ ለደረጃ ዕድገት ሲባል የማስተማር ውጤታማነት መለኪያ ሆኖ እንዳያገለግል ወስነዋል። እዚህ አስገዳጅነት የለውም፤ ደብዳቤዎ ላይ ለመጥቀስ ግን ይሆናል።

ይህን ሁሉ ብለን ሌላውን ካልነገርንዎ አድልተናል። በሦስት ሴሚስተር፣ በተለያዩ ሴክሽኖች፣ አንድ ጥያቄ ላይ ብቻ ነጥብዎ ዝቅ እያለ ከመጣ የናሙና ማነስ ነው ማለት አያዋጣም።

“ተማሪዎቻችን ከላይ እስከ ታች 5 5 5 ወይም 1 1 1 ብለው ያወርዱታል። እንዴት በቁም ነገር እንዲሞሉ እናድርግ?” (የዲፓርትመንት ኃላፊ፣ ሰበታ)

ፎርሙን ራስዎ በስልክ ይሙሉት። 25 ጥያቄ ለ6 ኮርስ 150 ምርጫ ነው፤ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ሰዓት፣ ግሬዱን ለማየት የጓጓ ልጅ። እርስዎም 5 5 5 ይሉ ነበር።

ጥያቄዎቹን ወደ 10 ወይም 12 ያውርዱ። ለመቀነስ ይህን መለኪያ ይያዙ፦ ተማሪው ይህን በዓይኑ አይቷል? መምህሩ በሰዓቱ መገኘታቸውን፣ የሚድ ወረቀት በሁለት ሳምንት ውስጥ መመለሳቸውን፣ ድምፃቸው ከኋላ መሰማቱን፣ ለጥያቄ ቢሯቸው መገኘታቸውን ከተማሪው በላይ የሚያውቅ የለም። “መምህሩ በሙያቸው የቅርብ ጊዜ እውቀት አላቸው” የሚለውን ግን የፍሬሽማን ተማሪ በምን ያውቃል? እሱ ለባልደረባ ፎርም ይሂድ። “በሰዓቱ ይገባሉ፣ በሚገባም ያስረዳሉ” ዓይነቱንም ይሰንጥቁት፤ በሰዓቱ ገብቶ በሚገባ ለማያስረዳ አስተማሪ ተማሪው ስንት ይስጥ? ላብራቶሪ በሌለው ኮርስ ስለ ላብራቶሪ ሲጠየቅ ምልክት የሚያደርግበት “አይመለከተኝም” የሚል ሳጥንም ይኑር። ፎርሙ በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ያዘጋጁት፤ የተማሪው ፍርድ እንጂ የቋንቋ ችሎታው አይደለም የሚፈለገው።

ጊዜውም ይታሰብበት። ከፋይናል በኋላ የተሞላ ፎርም የፈተናውን ምሬት ይዞ ይመጣል። ከትምህርቱ ማብቂያ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ላይ 15 ደቂቃ ይስጡ። መጀመሪያ ላይ ያልነው በምክንያት ነው፤ የኤክስቴንሽን ተማሪ ማታ ሁለት ተኩል ላይ ታክሲ እንዳያልቅበት አንድ እግሩን በር ላይ አድርጎ ነው የሚሞላልዎ። መምህሩ ይውጡ። በወረቀት ከሆነ ተወካዩ ሰብስቦ፣ ቆጥሮ፣ ቁጥሩን ፖስታው ላይ ጽፎ፣ ክፍሉ እያየ አሽጎ ለዲፓርትመንቱ ጸሐፊ ያስረክብ፤ ለመምህሩ አይስጥ። ግሬድ መቆለፉን መተው ካልቻላችሁ ደግሞ “ይህን ኮርስ መመዘን አልፈልግም” የሚል ቁልፍ ጨምሩ። ተገዶ ከተሞላ 5 ይልቅ ያልተሞላ ይሻላል።

5 5 5 የሆኑትን አውጥቶ መጣል ይቻላል ወይ ለሚሉ፦ አይጣሉ። በእውነት የረካ ተማሪም እንዲሁ ይሞላል። ሲሶው እንዲህ ከሞላ ግን ጉድለቱ የተማሪው አይደለም፤ ወደ ፎርሙ ይመለሱ።

“የሴክሽናችን ተወካይ የሁላችንንም ፓስወርድ ተቀብሎ ሞላልን። ችግር አለው?” (ለገጣፎ)

አለው። በዚያ ፓስወርድ ግሬድህ ይታያል፣ ምዝገባህም ሊነካ ይችላል፤ ዛሬውኑ ቀይረው። ኢቫሉዌሽኑም የ50 ሰው አይደለም፤ የአንድ ሰው አስተያየት 50 ጊዜ ተባዝቶ ነው። የክፍሉ ነጥብ ሁሉ በአስር ደቂቃ ውስጥ ከገባ ሲስተሙ ሰዓቱን ይመዘግበዋል፤ የሚያየው ሰው ከተገኘ ማለት ነው።

“ሴት መምህር ነኝ። ፈተና ጠንከር ሳደርግ ነጥቤ ይወርዳል፤ ለስላሳ ግሬድ የሚሰጡ ወንድ ባልደረቦቼ ከ4.5 አይወርዱም። የእኔ ስሜት ነው ወይስ የታወቀ ነገር?” (ጀሞ)

የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ሙከራ ታተመ። በኢንተርኔት በሚሰጥ ኮርስ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ረዳት መምህራን እያንዳንዳቸው አንዱን ቡድን በራሳቸው ስም፣ ሌላውን በባልደረባቸው ስም አስተማሩ። ሥራ የመለሱት እኩል ቀን ላይ ነው። ተማሪዎቹ ግን ለፍጥነት በወንድ ስም ላስተማረው 4.35፣ በሴት ስም ላስተማረው 3.55 ሰጡ። ተማሪዎቹ 43 ብቻ ስለነበሩ ብዙ አንመዝንበትም፤ ሆኖም በቀን ሊረጋገጥ የሚችል ነገር እንኳ በስም ምክንያት መለያየቱ ልብ ይሏል።

ስለ ግሬዱ ከአሜሪካ አየር ኃይል አካዳሚ የተሻለ ማስረጃ አለ። እዚያ ተማሪው በዕጣ ይመደባል፣ ፈተናውም ለሁሉም አንድ ነው። ካረልና ዌስት እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት በካልኩለስ 1 ተማሪዎቻቸው ከፍ ያለ ውጤት ያመጡላቸው መምህራን ኢቫሉዌሽናቸውም ከፍ ያለ ነበር፤ ልምድ ያላቸው መምህራን ተማሪዎች ግን በቀጣዮቹ ኮርሶች በልጠው ተገኙ። እነዚያ መምህራን በጊዜው የተሰጣቸው ነጥብ ዝቅ ያለ ነበር። ነጥብ በቀላሉ እንደሚገዛም ታይቷል፤ በጀርመን 118 የሕክምና ተማሪዎች በ20 ቡድን ተከፍለው ለአሥሩ ቡድኖች 500 ግራም የቸኮሌት ብስኩት ሲቀርብላቸው መምህሩንም የትምህርቱን ጽሑፍም ከሌሎቹ አብልጠው መዝነዋል። (ዳቦ ቆሎ ይዛችሁ እንዳትገቡ አደራ።)

ለእርስዎ የምንለው፦ ከኢቫሉዌሽኑ ጎን የሚቆም ማስረጃ ያጠራቅሙ። የፈተና ወረቀት፣ የመለሱበት ቀን የተጻፈበት ዝርዝር፣ የባልደረባ የክፍል ምልከታ፣ ተማሪዎችዎ በቀጣዩ ኮርስ ያገኙት ውጤት። የደረጃ ዕድገት ሲጠይቁ ይህ ፋይል ይሟገትልዎታል።

“በየሴሚስተሩ እንሞላለን፤ የሚለወጥ ነገር የለም። ኮሜንት ላይ ምን ብጽፍ ይሻላል?” (ለቡ)

በመጨረሻ የሚሞላ ፎርም ቢሠራም የሚጠቅመው ከአንተ በኋላ የሚመጣውን ተማሪ ነው። ለራስህ የሚደርሰው ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት የሚደረገው ነው፤ እሱ የዲን ፈቃድ አይፈልግም። በተወካያችሁ በኩል መምህሩን ጠይቁ። ግማሽ ወረቀት፣ ስም የሌለው፣ ሦስት ጥያቄ፦ ለመማር የረዳህ ምንድን ነው? የከበደህ ምንድን ነው? ከአሁኑ ምን ይስተካከል? አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ኮሜንትህን ደግሞ በሥራው ላይ አድርግ። “አይችሉም፣ ይቀየሩልን” ማንንም አያስተካክልም፤ መምህሩ ይናደዳል፣ ዲፓርትመንቱ ያልፈዋል። “ስላይዱን በፍጥነት ስለሚያነቡ መጻፍ አንችልም፤ ሃንድአውቱ ከክፍሉ በፊት በቴሌግራም ቢለቀቅ” ብትል ግን በማግስቱ የሚሠራ ነገር ሰጠህ። ጥሩ የሆነውንም ጻፍ፤ ካልተጻፈ መምህሩ ሳያውቁት ሊተዉት ይችላሉ።

ለመምህራን ደግሞ፦ ግማሽ ወረቀቱን ከሰበሰቡ በቀጣዩ ክፍለ ጊዜ አምስት ደቂቃ ወስደው ይመልሱ። “ይህን ከሰኞ ጀምሮ እቀይራለሁ። ይህን አልቀይርም፤ ምክንያቱ ይህ ነው።” የማይቀየረውን መናገሩ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ለምሳሌ “የአሳይመንቱን ብዛት አልቀንስም፤ ፋይናሉ የሚወጣው ከዚያው ነው” ከተባለ ተማሪው ቢያማርርም ያውቀዋል። ሳይመልሱ ዝም ካሉ ግን በሚቀጥለው ጊዜ የሚሰበሰበው ባዶ ወረቀት ነው።