የድሮ የፍቅር ፊልም ፖስተር ለምታሳትሙ ልጆች

ልጆቼ፣ ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ለካፌ ግድግዳ የ«ካዛብላንካ»ን ወይም የ«ሮማን ሆሊዴይ»ን ፖስተር ስታሳትሙ ስለ ወረቀቱ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ፋይሉን እዩት። ለኤ2 (42 በ59.4 ሳንቲ ሜትር) ረጅሙ ጎን 7,000 ፒክስል ቢሆን መልካም ነው፤ ከ3,500 ካነሰ ግርጌ ያሉት ደቃቅ ስሞች ይደበዝዛሉ። ለማተሚያ ቤቱ በቴሌግራም ስትልኩም በፎቶ ሳይሆን በፋይል ይሁን፤ በፎቶ የሄደ ምስል ተጨምቆ ያንሳል፣ ቢያጎሉትም የጠፋው አይመለስም።

ነገሩ የሚበላሸው ልኩ ላይ ነው። የዚያ ዘመን መደበኛ የአሜሪካ ፖስተር 27 በ41 ኢንች ስለነበር ከኤ2 ቀጠን ይላል። ወረቀቱ ይሙላ ተብሎ ወደ ጎን ከተለጠጠ የተዋናይቱ ፊት ያብጣል። ቁመቱ 59.4 ሲሆን ወርዱን 39.1 ላይ አቁሙት፤ ግራና ቀኝ የሚተርፈውን አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነጭ ቁረጡት።

ፖስተሮቹ ወደ ሲኒማ ቤቶች የሚላኩት ታጥፈው ነበርና ሦስት አግድም፣ አንድ ቁም የእጥፋት መስመር ታገኛላችሁ። ፊት ላይ የሚያልፈውን ብቻ ደምስሱ፣ ሌላውን ተዉት ባይ ነኝ። ቡናማ እድፍ ጨምሮ «ጥንታዊ» ማስመሰል ግን አይጥመኝም፤ ወረቀቱ ከማተሚያው ሲወጣ እንዲያ አልነበረም። ከመጽሐፍ ስካን ካደረጋችሁ የሕትመቱ ነጠብጣቦች ሞገድ ይሠራሉ፤ የስካነሩን «ዲስክሪን» የተባለ ነጠብጣብ ማለስለሻ አብሩ።

ስክሪን ላይ የሚነደው ቀይ ወረቀት ላይ ይጠወልጋል። ፋይሉን ወደ ሲኤምዋይኬ (ወደ ማተሚያው አራት ቀለማት) ቀይራችሁ ፊቱንና ቀሚሱን የያዘ ቁራጭ መጀመሪያ አሳትሙ። ወረቀቱ 200 ግራም ማት ይሁን፤ አንጸባራቂው አምፖል ሥር አያሳይም። ቀለሙ ፒግመንት መሆኑን ጠይቁ፤ ዳይ ከሆነ መስኮት አጠገብ ፈጥኖ ይነጣል።

ላሚኔሽን ካሻችሁ ቀለሙ አንድ ቀን ይደር፤ እርጥቡ ላይ ከተለጠፈ አረፋ ይቋጥራል። ጣና ዳር በክረምት ደግሞ ሕትመቱ መስታወት ከነካ ይጣበቃል፣ ሲላቀቅም ቀለሙን ይዞ ይነሳል። በመካከላቸው 2 ሚሊ ሜትር ካርቶን በዙሪያው አስገቡ፤ ከፍሬሙ ጀርባም ቡሽ ለጥፋችሁ ከግድግዳው አርቁት።

ለመሸጥ ካሰባችሁ ደግሞ የፊልሙ እርጅና ብቻ ነፃ አያደርጋችሁም፤ በአሜሪካ የዚያ ዘመን ሥራ ጥበቃ 95 ዓመት ድረስ ይዘልቃልና ፈቃድ ጠይቁ። ከተፈቀደም በጀርባው «ቅጂ» ብላችሁ የታተመበትን ዓመት ጻፉ።