የትኛው ድስቴ ይሠራል?

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ወንድሜ አንድ ድስት የሚይዝ የኢንዳክሽን ምድጃ ገዛልኝ። ግን ድስቴን ስጥድበት ይጮሃል፣ "ኢ ዜሮ" ይልና ይጠፋል። ጀበናም ሞከርኩ፣ ያው ነው። ተበላሽቶ ይሆን? ጎረቤቴ ደግሞ ለሱ የተሠራ ሙሉ የድስት ስብስብ ካልገዛሽ አይሆንም አለችኝ። እውነቷን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከነገርሽኝ ተነስቼ ምድጃው ደህና ይመስለኛል። ችግሩ ድስቱ ነው። ይሄ ምድጃ እንደ ባለ ሽቦው ራሱ ግሎ አያበስልም። ከመስታወቱ ሥር የመዳብ ጥቅል አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት በጣም ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ የማግኔት ኃይል ይፈጥራል፣ ይሄ ኃይል ደግሞ በድስቱ መቀመጫ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንዲዞር ያደርግና ድስቱ ራሱ ይግላል። ለዚህ ማግኔት የሚይዘው ብረት ያስፈልጋል። አብዛኞቻችን ቤት ያለው የአልሙኒየም ድስት አይሠራም። ሸክላ ጨርሶ አይሆንም፣ ስለዚህ ጀበናሽን ለከሰሉ ወይም ለድሮው ምድጃ ተዪው።

ሙሉ ስብስብ ግን እባክሽ አትግዢ! መጀመሪያ ቤትሽ ያለውን ፈትሺ። ፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ ማግኔት ይበቃል፤ ከሌለሽ ከተበላሸ ስፒከር ውስጥ ይወጣል። ድስቱን ገልብጠሽ መቀመጫው ላይ አስጠጊው። ጥብቅ አድርጎ ከያዘ ይሠራል፣ ላላ ካለ በደንብ አይግልም፣ ከወደቀ በቃ። ጎኑን ሳይሆን መቀመጫውን ነው የምትፈትሺው፤ ጎኑ ማግኔት የማይዝ ግን መቀመጫው ላይ ሌላ ብረት የተገጠመለት ስቲል ድስት ብዙ አለና። ውስጡ ነጭ፣ ውጪው አበባ የተሳለበት የድሮው ቅብ ድስትም ከሥር ካልጎበጠ ያገለግላል፤ ከእናትሽ ቤት ፈልጊ፣ ሳይኖር አይቀርም።

ካልተገኘ መርካቶ ስትሄጂ ማግኔቱን ቦርሳሽ ውስጥ ይዘሽ ሂጂ። ሻጩ "ይሠራል" ቢልሽም ራስሽ አስጠግተሽ እዪ። ከሥሩ የሽቦ ጥምዝ የሚመስል ምልክት ካለው ለኢንዳክሽን የተሠራ ነው። መቀመጫው ለጥ ያለና ወፈር ያለ ይሁን። ስፋቱ ከ12 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ብዙዎቹ ምድጃዎች አያውቁትም። በጣም ሰፊ የሆነው የድግስ ድስት ደግሞ መሃሉ ብቻ ይግልና ዳሩ ይቀራል። እኔን ብትሰሚኝ አንድ ጥሩ ወፍራም ድስት ግዢና በሱ ጀምሪ። በመካከል እየተቀመጠ ማንኛውንም ድስት ያሠራል ተብሎ የሚሸጠውን የብረት ሳህን አልመክርሽም፤ ኃይል ያባክናል፣ መስታወቱንም ከመጠን በላይ ያግላል።

አሁን ዋናው፣ ወጡ። የወፍራም ድስት ጥቅም የሚታወቀው ቁሌት ላይ ነው። ዋጋቸው ቀነስ ያሉት ምድጃዎች እሳቱን ዝቅ ስታደርጊው ኃይሉን አይቀንሱም፣ እያበሩ እያጠፉ ነው የሚሠሩት። ድስቱ ስስ ከሆነ ሽንኩርቱ መሃል ላይ ያርርና ዳር ላይ ጥሬ ይቀራል። መካከለኛው ላይ አድርጊው፣ አትራቂ፣ በርበሬውን ስትጨምሪ ደግሞ ጠብ ጠብ የምታደርጊው ውኃ አጠገብሽ ይሁን፣ ምክንያቱም ይሄ ምድጃ ከለመድሽው በጣም ይፈጥናል። ባዶ ድስት ጥደሽበት ሽንኩርት ልከትፍ አትበዪ! ደቂቃ ሳይሞላ ይግላል፣ የማያጣብቅ መጥበሻ ከሆነ ቅቡ ይበላሻል።

መብራቱን በተመለከተ፣ 2000 ዋት ላይ ግማሽ ሰዓት ከሠራ ከካርድሽ ላይ 1 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። በ220 ቮልት ወደ 9 አምፔር ይስባል፣ ስለዚህ ከግድግዳው ሶኬት በቀጥታ ሰኪው። ቀጭን ኤክስቴንሽን ይቀልጣል። ምጣድና ምድጃ አንድ ላይ አታብሪ። አብስለሽ ስትጨርሺ ቁልፉን አጥፊና ፋኑ ዝም እስኪል ሶኬቱን አትንቀዪ። ከሥር አየር እንዲያገኝም የጠረጴዛ ልብስ ላይ አታስቀምጪው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ሰበታ ነው የምኖረው። የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ፣ ፔስሜከር የሚሉት፣ ደረቴ ላይ ተገጥሞልኛል። ልጆቼ ይሄንን ምድጃ ሊገዙልኝ ነው። ያሰጋኛል?

መልስ፦ አባቴ፣ እንኳን ጠየቁ። በጥቅሉ የሚመከረው ደረትዎንና ምድጃውን ቢያንስ በ60 ሴንቲ ሜትር ማራራቅ ነው። ቆመው ወጥ ሲያማስሉ ይሄን ርቀት መጠበቅ ያስቸግራል፣ በተለይ ጎንበስ ሲሉ። ስለዚህ ልጆችዎ ከመግዛታቸው በፊት መሣሪያው ሲገጠም የተሰጠዎትን ካርድ ይዘው ሐኪምዎን ያነጋግሩ። እስከዚያው በባለ ሽቦው ምድጃ ይጠቀሙ።