ሞዴሉን ከማመናችሁ በፊት መራጮቹን ጠይቁ

ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ይዛችሁ ስታታ በተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ ለምታመሹ ነው።

ከብዙ ዓመት በፊት ችግረኛ ቤተሰቦችን የሚደግፈውን የሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጠቃሚዎች ከማይጠቀሙ ጎረቤቶቻቸው ጋር አነጻጸርኩ። ሪግሬሽኑ፣ ማለትም የነገሮችን ግንኙነት የሚለካው ስሌት፣ ተጠቃሚዎቹ የበለጠ እንደሚራቡ አሳየኝ። ውጤቱ "ሲግኒፊካንት" ነበር፤ በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም ማለት ነው። ታዲያ ፕሮግራሙ ሰው ያስርባል ልበል? ግራ ቢገባኝ ተመልሼ ተጠቃሚዎቹን ከመረጡት የቀበሌ ሽማግሌዎች አንዱን ጠየቅኋቸው። "ልጄ፣ እኛ እኮ የመረጥነው የባሰበትን ነው" አሉኝ። ይህ መልስ ዳታዬ ውስጥ አልነበረም።

"ፕሮግራሙ ምን ለውጥ አመጣ?" ስንል "ይህ ቤተሰብ ባይታቀፍ ኖሮ ዛሬ እንዴት ይሆን ነበር?" ማለታችን ነው። ያንን ኑሮ ማንም አያየውም። በጎረቤቱ ልንተካው የምንችለው፣ ሁለቱ መጀመሪያውኑ የሚመሳሰሉ ከነበሩ ብቻ ነው።

ሜክሲኮዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ፕሮግሬሳ የተባለውን የድጋፍ ፕሮግራም ሲፈትሹ ከ506 የገጠር መንደሮች 320ውን በዕጣ አስቀደሙ። 186ቱ ቆይተው ገቡ። ዕጣ የተራበና የጠገበ አይለይም፤ ንጽጽሩ የታመነውም ለዚህ ነው። የእኛ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ግን የተመረጠው ችግረኛው ነው። ይህ ደግሞ ትክክል ነበር። የሚከብደው ለእኛ ለተንታኞቹ ነው።

"ኮንትሮል እጨምራለሁ"፣ ማለትም በቤተሰቦቹ መካከል ያለውን ልዩነት በስሌቱ ውስጥ አስገባለሁ፣ ትሉኝ ይሆናል። ጨምሩ፣ ግን የትኛውን? የከብት ቁጥርን እንውሰድ። ከፕሮግራሙ በፊት የተቆጠረው ይረዳችኋል። በኋላ የተቆጠረውን ካስገባችሁ ግን የምትፈልጉትን ውጤት በገዛ እጃችሁ ታጠፉታላችሁ። የሴፍቲኔት አንዱ ዓላማ እኮ ገበሬው በክፉ ቀን በሬውን እንዳይሸጥ ነው! የበሬው መትረፍ ራሱ ውጤት ነው። ኮምፒውተሩ የቱ ቀድሞ የቱ እንደተከተለ አያውቅም። ማወቅ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ መስክ ስትወጡ መጠይቃችሁ ላይ አንድ ገጽ ጨምሩ። ማን መረጠ? በምን መስፈርት? ማን ቀረ፣ ለምንስ ቀረ? ሽማግሌዎቹን አታጣድፏቸው፤ ቡና ከቀረበ ቁጭ ብላችሁ ጠጡ። ከዚያ ለጥቂት ከዝርዝሩ የቀሩትን ቤቶች ፈልጉ። ለጥቂት ከገቡት ጋር ብዙም አይለያዩምና ለንጽጽር የሚሆኗችሁ እነሱ ናቸው።